ቧንቧው ከመምጣቱ በፊት ቆጠራው ይምጣ

ትንሽ ረዘም ትላለች፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ተረጋግታችሁ አንብቧት።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያው ምዕራፍ ከተመረቀ ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ጋዙ ጎንደር የሚገባው መቼ ነው?» ግማሹ ለቀልድ ነው፣ ግማሹ ግን የምሩን ነው። የምራቸውን የሚጠይቁት ዳቦ ቤት ያላቸው፣ ምግብ ቤት የሚያሠሩ፣ አንድ ጭነት እንጨት ዛሬ በስንት እንደገባ በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

አጭሩ መልሴ ይኼ ነው፤ በቧንቧ ቶሎ አይመጣም። ረጅሙን መልስ ለመስጠት ግን ጥያቄውን መገልበጥ ያስፈልጋል። «ጋዙ መቼ ይመጣል?» ከማለታችን በፊት «ቢመጣ ማን ይገዛዋል? ስንት? በየትኛው ወር? ለስንት ዓመት?» ብለን መጠየቅ አለብን። ጋዝ ወደ ከተማ የሚገባው ከተማው ስለተመኘው አይደለም። ትልልቅ ደንበኞቹ ተቆጥረው፣ ተደምረው፣ ወረቀት ላይ ሲቀመጡ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኼው ነው፤ ጎንደር ቧንቧ ከመጠየቋ በፊት ደንበኞቿን ትቁጠር። ያውም ቆጣሪ የሌላቸውን ደንበኞቿን ጭምር።

በመጀመሪያ ስያሜውን እናጥራ። ብዙ ሰው «ጋዝ» ሲባል ወደ ጭንቅላቱ የሚመጣው በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ነው። እሱ ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ትንሽ ግፊት ሲደረግበት ፈሳሽ ሆኖ ሲሊንደር ውስጥ ይቀመጣል። የካሉቡ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን በተራ ግፊት ፈሳሽ አይሆንም። ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት። ያን ጊዜ መጠኑ ወደ 600 እጥፍ ያንስና በልዩ ቦቴ መጫን ይቻላል። ካልቀዘቀዘ ደግሞ ያለው መንገድ ቧንቧ ነው፤ ወይም በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ በወፍራም ሲሊንደሮች መጓጓዝ። ስለዚህ «ጋዝ ወጣ» ሲባል የቤታችን ሲሊንደር በማግስቱ ይረክሳል ማለት አይደለም። ዕቃው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «የአዋጭነት ጥናት» ሲባል ብዙ ሰው ከቢሮ ወጥቶ ሼልፍ ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ጥራዝ ነው የሚታየው። ነገሩ ግን ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ላይ የእህል ወፍጮ ሊተክል ያሰበ ሰው አስቡ። መብራት ኃይል ሄዶ ያመለክታል። ባለሙያ ይመጣና ያያል። ከዋናው መስመር እስከ ወፍጮ ቤቱ ስንት ሜትር ነው? ስንት ፖል ይፈጃል? ያለው ትራንስፎርመር ይችላል ወይስ አዲስ ይገዛ? ሞተሩ ስንት ኪሎ ዋት ነው? ከዚያ ግምት ይወጣል። ሰውየውም ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያሰላል። ስንት ቀበሌ እዚህ ያስፈጫል? በኩንታል ስንት አስከፍላለሁ? ገንዘቡ በስንት ዓመት ይመለሳል? በቃ፣ የአዋጭነት ጥናት ማለት ይኼ ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውንም ታውቁታላችሁ። ወፍጮው መብራት ካስገባ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «ለእኔም ሳብልኝ» ይላል። አምፖል ብቻ ለሚያበሩ 10 ቤቶች ተብሎ ያ ሁሉ ፖል አይተከልም ነበር። ለወፍጮው ሲባል ተተከለ፣ 10ሩ ቤት ተጠቀመ። ጎጆ ሲሠራ መጀመሪያ ምሰሶው ይቆማል፣ ሌላው እንጨት እሱን ተደግፎ ነው የሚቆመው። ወፍጮው ለመስመሩ ምሰሶ ነው። በጋዝም እንዲሁ ነው፤ ምሰሶ ደንበኛ ከሌለ ቧንቧ አይቆምም።

ከጎረቤት አገር እንይ። ታንዛኒያ ሶንጎ ሶንጎ በሚባል ደሴት ላይ ጋዝ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከእኛ ካሉብ ጋር አንድ ዘመን ማለት ነው፤ የእኛን ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያገኘው በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ ነበር። የታንዛኒያው ጋዝ ዳሬሰላም የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ 30 ዓመት ተኝቷል። ያስነሱት ምሰሶ ደንበኞች ሁለት ናቸው፤ የኡቡንጎ የኃይል ማመንጫና የዋዞ ሂል ሲሚንቶ ፋብሪካ። ሌሎቹ ፋብሪካዎች የተቀጠሉት ከዚያ በኋላ ነው። ሞዛምቢክም ጋዝ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የ865 ኪሎ ሜትሩ ቧንቧ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሴኩንዳ የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሳሶል የተባለ አንድ ግዙፍ ደንበኛ ሲገኝ ነው። ጋዙ በነዚህ ሁሉ ዓመታት እዚያው ነበር። የጠፋው ገዢ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ካሉብንና ሂላላን ቴኔኮ አገኘ፣ በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ቆፈሩ፣ ቀጥሎ የማሌዥያው ፔትሮናስ ገባና ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊ ጂሲኤል ተዋዋለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጅቡቲ ጋር ስምምነት ሲፈረም ሐሳቡ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እስከ ባሕር ድረስ ዘርግቶ ለቻይና መሸጥ ነበር። ምሰሶ ደንበኛው ቻይና ነበረች ማለት ነው። ያ ቧንቧ አልተዘረጋም። የጅቡቲ–አዋሽ የነዳጅ ቧንቧ ትዝ ይላችሁ ይሆናል፤ 550 ኪሎ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈርሞ ነበር። እሱም አልተዘረጋም። ፊርማ ቧንቧ አይሆንም።

አሁን የተለወጠው ደንበኛው ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ነው የታሰበው፤ ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር። ከጋዙ ቦታ እስከ ጎዴ ያለው ቧንቧ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እስቲ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እናድርገው። አንድ ቶን ዩሪያ ለመሥራት በግምት 650 ሜትር ኩብ ጋዝ ይሄዳል። በ3 ሚሊዮን ስናበዛው ወደ 2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በዓመት ይመጣል። የተመረቀው የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ደግሞ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ነው፤ ይህ ወደ ጋዝነት ሲመለስ 67 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። አንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ የዚህን 30 እጥፍ ይጠጣል! አያችሁ ቧንቧው ለምን ወደ ጎዴ እንደሚሄድ? «ለእነሱ ተሰጠ፣ ለእኛ ተከለከለ» የሚለውን ወሬ ትቼ ቁጥሩን ብቻ ነው የማየው። 30 ከ1 ይበልጣል።

ታዲያ ለጎንደር ምን ይተርፋል? 111 ሚሊዮን ሊትርን ለ365 ቀን ስናካፍለው በቀን 304 ሺህ ሊትር ነው። አንድ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ቢጭን በቀን ወደ 7 ቦቴ ይሆናል፤ ለአገር በሙሉ። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲደርስ በዓመት 1.33 ቢሊዮን ሊትር ይሆናል ተብሏል፤ ያኔ በቀን 80 ቦቴ ገደማ ነው። ከካሉብ እስከ ጎንደር በመኪና ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ቦቴ በ100 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ፣ ደርሶ መልስ ከ1,300 ሊትር በላይ ያቃጥላል። ከተሸከመው የኃይል መጠን ጋር ሲወዳደር 5 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ አይደለም። ስለዚህ በቦቴ ማምጣት በሒሳብ እብደት አይደለም። የመንገዱ ነገር ግን ሌላ ሒሳብ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሲሚንቶውም ዘይቱም ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንኛውም ሐቀኛ ጥናት «መንገዱ በዓመት ስንት ቀን ክፍት ነው?» የሚል መስመር ሊኖረው ይገባል። ያ መስመር ከሌለው ለጎንደር የተሠራ ጥናት አይደለም።

አሁን ደንበኞቻችንን እንቁጠር። በመጀመሪያ የሚታዩት አሉ። ዳሽን ቢራ አለ። ቢራ ጠመቃ ማለት ከላይ እስከ ታች ሙቀት ነው፤ ብቅሉ ሲቀቀል፣ ጠርሙስ ሲታጠብ፣ ሁሉም በእንፋሎት። የጎንደር ብቅል ፋብሪካ አለ። ብቅል ማለት ገብሱን ነክሮ፣ አብቅሎ፣ በሞቃት አየር ማድረቅ ስለሆነ ዋናው ወጪው ሙቀት ነው። ገብሱ ደግሞ የሚመጣው ከእኛው ደጋ ነው፤ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከወገራ። የብቅል ማድረቂያው ነዳጅ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ገብስ የሚሸጠው ገበሬ ጋ ነው። እነዚህ ዓይነት ፋብሪካዎች ለመቁጠር ቀላል ናቸው። ጥቁር ናፍጣም ይሁን ሌላ፣ የገዙበት ደረሰኝ አላቸው። አንድ አጥኚ ከአዲስ አበባ መጥቶ በሁለት ቀን ቁጥራቸውን ይዞ ይመለሳል።

የማይታዩት ግን ይበልጣሉ። ጎንደር የትምህርት ከተማ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየግቢው በቀን ሦስት ጊዜ ለሺዎች ምግብ ያቀርባል። ደባርቅም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሆስፒታሎች፣ ኮሌጆች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ካምፖች፣ ትልልቅ ሆቴሎች፣ እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ ማኅበራት፣ ዳቦ ቤቶች፣ ጡብና ሸክላ የሚተኩሱ ሰዎች አሉ። የእያንዳንዱን ስም እየጠራሁ «ይኼኛው በዚህ ያበስላል» አልልም። ግን አገር የሚያውቀው ነገር ነው፤ በዚህ አገር ብዙ ሕዝብ የሚመግብ ወጥ ቤት በአብዛኛው እንጨት ያነዳል። እንጨት ደግሞ ቆጣሪ የለውም። በጭነት ይገዛል፣ በግቢ ይከመራል፣ ይነዳል፣ ያልቃል። በሰነድ ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» ወይም «የማገዶ ግዥ» ተብሎ በብር ይጻፋል እንጂ በኪሎ አይጻፍም። ስለዚህ አጥኚው ሲመጣ እነዚህ ሁሉ ለእሱ የሉም። ጎንደር በወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ፋብሪካ ያላት ትንሽ ገበያ ሆና ትቀርባለች። «አያዋጣም» ተብላ ትዘጋለች። ጉዳዩ ያበቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ትልቁ ነዳጅ ተጠቃሚያችን የማይታየው ስለማይገዛ አይደለም፤ ስለማይመዘን ነው።

መዝነን ብናየው ምን ይመጣል? በግምት እንሂድ። አንድ ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ 22 ሜጋ ጁል ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ወደ 15። ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት ድስቱ ውስጥ የሚያስገባው ከጉልበቱ 12 በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ጭስና ንፋስ ይወስደዋል። የጋዝ ምድጃ ግማሽ ያህሉን ያስገባል። ሲሰላ አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ 6 ኪሎ እንጨት ይተካል። ተቋሙ ዘመናዊ የእንጨት ቦይለር ካለው ግን ጥቅሙ ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል። አያችሁ? «ጋዝ ይሻላል» ወይም «አይሻልም» የሚባል ነገር የለም። ዛሬ በምን ላይ እያበሰልክ ነው የሚለው ነው የሚወስነው። ለዚህ ነው በር ለበር ቆጠራ የሚያስፈልገው።

ቀጥዬ ለምሳሌ ያህል በቀን 2,500 ኪሎ እንጨት በጉልቻ የሚያነድ አንድ ወጥ ቤት ልውሰድ። በጋዝ ቢቀየር በቀን 400 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። አንድ ቦቴ 110 ቀን ያቆየዋል ማለት ነው። ደስ ይላል አይደል? አያስደስትም። ምክንያቱም ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ያለ ፈሳሽ በታንከር ውስጥ ቁጭ ሲል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይተናል። ለአንድ ወጥ ቤት የመጣ ቦቴ ተጠቅሞ ከመጨረሱ በፊት የተወሰነው ሊባክን ይችላል። እንዲህ ያሉ 20 ወጥ ቤቶች በአንድ ማከፋፈያ ቢሰባሰቡ ግን በቀን 8 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ በየአምስት ስድስት ቀኑ አንድ ቦቴ ይገባል፣ የሚባክን የለም። ያኔ ከማከፋፈያው እስከ ትልልቆቹ ደንበኞች ድረስ አጭር ቧንቧ መዘርጋትም ትርጉም ይኖረዋል። ጎንደር ቧንቧ ልታይ የምትችለው በዚህ መንገድ ነው፤ ከካሉብ የሚመጣ የ1,500 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሳይሆን ከአዘዞ አካባቢ የሚነሳ የጥቂት ኪሎ ሜትር ቧንቧ። ለብቻው የማያዋጣ ደንበኛ ከጎረቤቱ ጋር ሲደመር ሊያዋጣ ይችላል። ይህንን ደግሞ አንዱ ተቋም ለብቻው አስጠንቶ አያገኘውም።

ሌላው ከውጭ የሚመጣ አጥኚ የሚስተው የወራት ነገር ነው። ቧንቧም ታንከርም የሚለካው በጣም በሚፈለግበት ቀን ነው፤ ዋጋው የሚመለሰው ግን በዓመቱ አማካይ ነው። ጎንደር ደግሞ ዓመቷ እኩል አይደለም። ጥር ላይ ጥምቀትና ሠርግ ይገጥማሉ፤ ሆቴሉ ይሞላል፣ ቢራው ይፈሳል፣ ዳቦ ቤቱ ሌሊት ያድራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የቢራውም የሥጋ ቤቱም ገበያ ይቀዘቅዛል። ክረምት ተማሪ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ወጥ ቤቱ ጭር ይላል። አንድ ደንበኛ በጥር በቀን 10 ፈልጎ በዓመት አማካዩ 5 ከሆነ፣ ለእሱ የተዘረጋው ዕቃ ግማሹን ጊዜ ሥራ ፈቶ ይቆማል፤ የእያንዳንዱ ሊትር የማጓጓዣ ዋጋም እጥፍ ይሆናል። በጋዝ ውል ውስጥ ደግሞ «ብትጠቀምም ባትጠቀምም ክፈል» የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው። ጾሙን ሳይቆጥር የፈረመ ሥራ አስኪያጅ በሁዳዴ ላላነደደው ጋዝ ሊከፍል ነው! ስለዚህ ቆጠራው የ12 ወር ይሁን። እንዲያውም ጳጉሜንም አትርሱ።

የፊዚክስ ነገር ልጨምር፤ አትሰልቹ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 በላይ። እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ላይ ነው፣ ደባርቅ ወደ 91። ባቄላና አተር ለመቀቀል ደባርቅ ላይ ከቆላው የበለጠ ሰዓት፣ የበለጠ እንጨት ይፈልጋል። አየሩም ስለሚሳሳ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ የጋዝ ማንደጃ እዚህ ሲመጣ እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። «1,000 ኪሎ ዋት ነው» ተብሎ የተገዛው 800 ይሆናል። ካታሎግ ገልብጦ የተሠራ ጥናት ይህን ካላሰበ፣ ምረቃው ላይ ሁሉም ያጨበጭባል፣ በማግስቱ ወጥ ቤቱ ወደ እንጨቱ ይመለሳል።

«ሕዳሴ ግድባችን ተመርቆ የለ እንዴ? ለምን በኤሌክትሪክ አናበስልም?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ከእኛም ሩቅ አይደለም። እኔ ራሴ የጋዝ ጠበቃ አይደለሁም። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለዳቦ ቤት፣ ኤሌክትሪክ በብዙ ቦታ ሊሻል ይችላል፤ ጭስ የለው፣ ቦቴ አይጠብቅ። ግን ኤሌክትሪክም ያው ወፍጮውን የጠየቀውን ነው የሚጠይቀው፤ ስንት ኪሎ ዋት? ትራንስፎርመሩ ይችላል? ሲቋረጥ ምን ይሆናል? ከባሕር ዳር ተነስቶ በጎንደርና በመተማ አድርጎ ሱዳን የገባውን ከፍተኛ መስመር አስቡት። ሱዳን ትልቅ ደንበኛ ስለሆነች መስመሩ ተሳበ። ከፍተኛ መስመር በላያቸው አልፎ እነሱ በኩራዝ የሚያመሹ መንደሮችን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በላያችን ማለፉና ለእኛ መድረሱ ይለያያል። ስለዚህ ቆጠራው ለጋዝ ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ደብተር ነው፤ መልሱ ጋዝ ይሁን፣ ኤሌክትሪክ ይሁን፣ የተሻሻለ የእንጨት ቦይለር ይሁን፣ ደብተሩ ይናገራል። ዛሬ ግን የምንከራከረው ያለ ደብተር ነው።

«የኩባንያው ሥራ ነው፣ እኛ ምን አገባን?» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። ኩባንያ የሚያጠናው ለራሱ የሚያዋጣውን ነው፤ አይፈረድበትም። ለእሱ የሚያዋጣው ቅርብና ትልቅ ደንበኛ ነው። እንጨት ተሸክማ ከተማ የምትገባዋ እናት በእሱ ሠንጠረዥ ውስጥ የለችም። በጭስ ዓይኗ የጠፋ ወጥ ሠሪም የለችም። ከተማው ዙሪያ የተራቆተው ጋራም የለም። እነዚህን ወደ ሠንጠረዡ ማስገባት ያለበት የከተማው ሰው ነው። ለእንጨት ሻጮቹም ማሰብ አለብን። ትልልቅ ወጥ ቤቶች እንጨት ቢያቆሙ፣ በዚያ ገቢ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶችና ባሕር ዛፍ የተከሉ ገበሬዎች ምን ይሆናሉ? ይህም በቆጠራው ውስጥ ይግባ። «ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል» ብለን በድሀ ትከሻ ላይ አንጻፍ።

እና ምን ይደረግ? ከባድ ነገር አይደለም የምለው።

1ኛ. በጎንደርና በደባርቅ ያለ፣ በቀን ከአንድ መቶ ሰው በላይ የሚመግብ ወይም በሙቀት የሚያመርት ተቋም ሁሉ ለ12 ወር የማገዶ መዝገብ ይያዝ። በብር ብቻ ሳይሆን በኪሎ። ሚዛን የእህል ገበያ ውስጥ ሞልቷል።

2ኛ. እያንዳንዱ ተቋም ምድጃው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ብዙ የሚያነድበት ሰዓትና ወር፣ ለማከማቻ የሚሆን ቦታ እንዳለው ይጻፍ። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ በካርታ ላይ ይመልከት።

3ኛ. ሥራውን ከተማ አስተዳደሩ፣ ዩኒቨርሲቲውና የንግዱ ማኅበረሰብ አብረው ይያዙት። የምሕንድስናና የሒሳብ ተማሪዎች ሞልተውናል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚለምኑ ልጆች አሉ። ይኸው ርዕስ!

4ኛ. ውጤቱ ሼልፍ ላይ አይቀመጥ። ለሁሉም ይታይ። ነገ የጋዝ አከፋፋይ ቢመጣ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢመጣ፣ ባለሀብት ቢመጣ፣ «ይኸው ደንበኛችን» ብለን እንስጠው።

ለደጋው ሰው አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። በደባርቅና በዳባት ዛፍ ባነሰበት ቦታ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ማለት ለማሳው የታሰበ ማዳበሪያ ነው። እሱን ምድጃ ውስጥ አስገብተን፣ ለማሳው ደግሞ ዩሪያ እንገዛለን። ዩሪያው ናይትሮጅን ነው፣ 46 በመቶ፤ የሚሠራውም ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። አንድ የ50 ኪሎ ጆንያ ዩሪያ ወደ 30 ሜትር ኩብ ጋዝ ይፈጃል። የጎዴው ፋብሪካ እንደታሰበው ከሠራ፣ የካሉብ ጋዝ ደጋው ድረስ የሚመጣው በቧንቧ ሳይሆን በጆንያ ነው። ያንን ጆንያ በምን ያህል እንደምንፈልገው የሚወስነው ደግሞ ምድጃችን ውስጥ ምን እየነደደ እንደሆነ ነው። ኩበቱ ወደ ማሳው ቢመለስ የምንገዛው ጆንያ ይቀንሳል። ስለዚህ የቤቱም ምድጃ፣ የተቋሙም ወጥ ቤት፣ የጎዴውም ቧንቧ አንድ ሒሳብ ውስጥ ናቸው።

ከእናንተ የምፈልገው ይኼን ነው። ብዙ ሕዝብ የሚመግብ ወይም በእንጨትና በናፍጣ የሚያመርት ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ በወር ስንት ኪሎ ወይም ስንት ሊትር እንደምታነዱ ለአንድ ሳምንት ብቻ መዝኑና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የተቋሙን ስም አልፈልግም፤ ቁጥሩን ብቻ። ሠንጠረዥ አድርጌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ኢንጂነር የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ ስሌቴን ፈትሹት፤ የተሳሳተ ቁጥር ካገኛችሁ ሳታፍሩ አርሙኝ። እንጨት ብዙ የምንገዛበት ጥር ነው፤ ከዚያ በፊት ብንጀምረው ደስ ይለኛል።